ሰላምታ ያደከመው ሌባ

እኔ የምለው፣ እናንተ አገር ሰላም መባባል ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? እኛ ጅማ ይፈጃል። በዋዛ አይደለም የሚፈጀው። ዳቦ ልትገዙ ትወጣላችሁ፤ ከአንዱ ጋር ሰላም ስትባባሉ ዳቦው ያልቃል። ባዶ እጃችሁን፣ የሰፈሩን ሰው ጤና ግን አንድ ባንድ አጣርታችሁ ወደ ቤት ትመለሳላችሁ። ምን ይደረጋል? ቁርሱ ነገ ይበላል።

ሰላምታችን ደግሞ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ስለ ራሳችሁ ትጠየቃላችሁ። ከዚያ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ። ከብት የለኝም ብሎ መከራከር አይቻልም። እኔ በሕይወቴ አንድ ዶሮ አሳድጌ አላውቅም። ከገጠር የመጣ ሰው "ሎን አከም?" ብሎ ስለ ከብቶቼ ሲጠይቀኝ ግን "ደህና ናቸው" እላለሁ። የሉም ብዬ ሰውየውን ላሳዝነው እንዴ? ዋናው ነገር ግን መመለሱ ነው። የተጠየቀ መልሶ ይጠይቃል። "እናንተስ? የእናንተ ልጆችስ?" ሳይል ዝም ያለ ሰው፣ ወይ ታሟል ወይ ተቀይሟል ማለት ነው።

አንድ ጊዜ ወደ ሸቤ ስሄድ የሆነውን ልንገራችሁ። ሚኒባሳችን ከከተማ ወጣ እንዳለ ከፊት ለፊት ሌላ ሚኒባስ መጣ። ሁለቱ ሾፌሮች መሀል መንገድ ላይ ጎን ለጎን ቆመው፣ መስኮት ዝቅ አድርገው ጀመሩት። "አከም ጅርታ?" "ፈያ! አቲ ሆ?" እንዴት ነህ፣ ደህና፣ አንተስ መባባላቸው ነው። ከኋላ መኪና ተደረደረ። አንድም ሰው ክላክስ አላደረገም። ገቢና የተቀመጠ፣ ከአዲስ አበባ ለሥራ የመጣ ሰውዬ ግን ሰዓቱን ደጋግሞ ሲያይ ቆየና፣ "ወንድም፣ ስብሰባ አለብኝ እኮ!" አለ። ሾፌሩ ክው አለ። "ውይ፣ ይቅርታ! ሳላስተዋውቃችሁ!" ብሎ ከወዲያኛው ሾፌር ጋር አስተዋወቀው። ሰላምታውም እንደ አዲስ ተጀመረ።

አባቴ ነፍሱን ይማረውና ከሸዋ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ተመድቦ የመጣ ሰው ነበር። ቤታችን ከመሥሪያ ቤቱ ሁለት እርምጃ ነው። እሱ ግን ሁልጊዜ ገና በማለዳ ይወጣ ነበር። እናቴ፣ "ምን አስነሳህ?" ስትለው፣ "መንገዱ ሩቅ ሆኖ አይደለም፤ ሰዉ ብዙ ነው" ይላታል። ያኔ ስሰማው ያስቀኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም እስከ ጎልማሳነቴ ድረስ ይህን ሰላምታችንን የሥራ ፈት ልማድ አድርጌ ነበር የማየው። ሐሳቤን ያስቀየሩኝ እትዬ ዘሃራ ናቸው። እሳቸውን ከማስተዋወቄ በፊት ግን ስለ ሱቄ ላውራችሁ።

መምህር ነበርኩ፤ ማስተማሩን ተውኩና ሂርማታ ገበያ አጠገብ ኢንተርኔት ቤት ከፈትኩ። በየሰፈሩ ኮብልስቶን የሚነጠፍበት፣ በአንድ ለአምስት እየተደራጃችሁ ስብሰባ ኑ የሚባልበት ዘመን ነው። ስማርት ስልክ ገና በየእጁ አልገባም። ኔትወርክ አለ ከተባለ ሰው ሥራውን ትቶ ይሮጥ ነበር። መጻፍ የማይቀናው ይነግረኛል፣ እኔ እጽፍለታለሁ። የስንቱ የፍቅር ደብዳቤ በእነዚህ ጣቶች አልፏል መሰላችሁ! አንዳንዱማ እኔ ባላሳምረው ኖሮ ዛሬ ልጅ አይወልድም ነበር።

ኢንተርኔቱ ሲመጣ ሌባውም አብሮ መጣ። ኢሜይል የከፈተ ሁሉ ሎተሪ ይደርሰው ጀመር፤ ያልቆረጠው ሎተሪ! ከመንገድ ሥራ ጡረታ የወጡ አንድ ደንበኛዬ እንዲህ ያለ መልእክት ደረሳቸውና በማግስቱ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው መጡ። ምነው ብላቸው፣ "ድንገት ካሜራው ካሳየኝ ብዬ ነው" አሉኝ። ኮምፒውተሬ ካሜራ የለውም። ስማቸውን፣ የትውልድ ቀናቸውን፣ የባንክ ደብተራቸውን ቁጥር ሊሞሉ ሲሉ፣ "ለመሆኑ ሎተሪውን የት ቆረጡት?" አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና፣ "ባለቤቴ ሳትቆርጥልኝ አትቀርም" አሉ። እንዲህ ያለ ትዳር ይስጣችሁ።

በአማርኛ የሚመጣውስ? "ውድ ተወዳጅ ደንበኛ፣ መለያህ ዛሬ ይሞታል፤ ሕይወት ለመስጠት በፍጥነት እዚህ ጫን" ይላል። አማርኛ አስተማሪ ነበርኩና እኔ በስርቆቱ ሳይሆን በሰዋስዉ ነበር የምናደደው። ቆይቼ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። እነዚህ መልእክቶች በሙሉ ጠባያቸው አንድ ነው፤ ይቸኩላሉ። ዛሬ፣ አሁን፣ ቶሎ፣ ሳይዘጋ! ለማሰብ ጊዜ አይሰጡም። ስለዚህ በቀይ እስክሪብቶ "ፓስዎርድዎን ለማንም አይስጡ" ብዬ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ።

ማን ሰምቶኝ! አንዱ ስልኩን ይዞ፣ አጋሮ ላለው የአክስቱ ልጅ ፓስዎርዱን ፊደል በፊደል እየጮኸ ይነግረዋል። ጥግ ላይ የተቀመጠው ደግሞ፣ "እሱን እኮ ባለፈው ቀየርከው" ብሎ ያርመዋል። ማስታወቂያውን ሳሳያቸው፣ "ለማንም ማለት ለማታውቀው ሰው ማለት ነው" ይሉኛል። እኛ ዘንድ ደግሞ ማን የማይታወቅ አለ? ሰው አፍ አውጥቶ የጠየቀህን መከልከል ነውር በሆነበት አገር፣ ሌባ መሆን እንዴት ቀላል ነው!

አሁን ወደ እትዬ ዘሃራ ልምጣ። እትዬ ዘሃራ ከሱቄ ጎን ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱ ሴት ናቸው። ድርያ በሉት፣ ሻሽ በሉት፣ የሙሽራ ልብስ በሉት፣ ከእሳቸው ዘንድ ነው። ትልቁ ንብረታቸው ግን ጨርቁ አይደለም፤ ስማቸው ነው። ሁለት ነጋዴ ሲጣላ እሳቸው ጋ ይመጣል። ሴት ልጅ ለትዳር ስትጠየቅ፣ የልጁን ጠባይ ለማጣራት እሳቸው ጋ ይመጣል። "እትዬ ዘሃራ ብለዋል" ከተባለ ያለቀለት ነገር ነው፤ ሊሙ ገነት ድረስ ማንም ሁለተኛ አይጠይቅም። እኔ ይህን ያህል የታመነ ሰው አይቼ አላውቅም። መንግሥትም ቢሆን እንዲህ ቢታመን ያን ሁሉ ስብሰባ ባልጠራ።

ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ፎቶ የሚለጥፍበት፣ የሚያወራበት ሰማያዊ ገጽ መጥቶ ነበር። ታውቁታላችሁ። ለእሳቸውም ከፈትኩላቸው። ደንበኞቻቸው ከሸቤም ከሊሙም በዚያ ይጽፉላቸዋል፤ እሳቸው ከአስር ሶላት በኋላ መጥተው አጠገቤ ይቀመጡና መልሱን ያስጽፉኛል። መልሱ አንድ መስመር ከሆነ ሰላምታው አንድ ገጽ ነው። "እትዬ፣ ይሄ እኮ አጭር መልእክት ነው የሚባለው" ስላቸው፣ "ለአንተ ይጠር፤ ለእኔ ግን ሰው ነው" ይሉኛል። ምን ልበል? እጽፋለሁ።

በኅዳር ነው፤ ቡና የሚለቀምበት፣ የሚሰጣበት ወር። እንደ ልማዳችን ተቀምጠን ሳለ ከሙክታር መልእክት ገባ። ሙክታር የወንድማቸው ልጅ ነው። ወንድማቸው ቶሎ ስለሞቱ በእሳቸው እጅ ነው ያደገው። ሊሙ ገነት ቡና አቅራቢ ነው። በሚያገባት ልጅ ነገር ከእሳቸው ጋር ተኳርፎ ከርሞ፣ በዚያው ዓመት ለአረፋ በሽማግሌ ታርቀው ነበር። የዕርቁ ቀን እንዴት እንዳለቀሱ ራሴ አይቻለሁ።

መልእክቱ እንዲህ ይላል፦ "ዘሃራ በስህተት ኮድ ስልክሽ ላይ ልኬብሻለሁ ቶሎ ጻፊልኝ አስቸኳይ ነው።"

ወዲያው የእትዬ ዘሃራ ትንሿ ስልክ ከቦርሳቸው ውስጥ ጮኸች። እውነትም ቁጥር መጥቷል። ገባኝ። ይህች ቁጥር የገጻቸው ቁልፍ ናት። ፓስዎርድ ጠፋኝ ብሎ ለሚያመለክት ሰው ስልኩ ላይ የምትላክ ናት። አንዱ በእሳቸው ስም አመልክቶ፣ ቁልፉ እሳቸው እጅ ሲወድቅ "አቀብይኝ" እያለ ነው። "እትዬ፣ እንዳይሰጡ! ይሄ ሌባ ነው፤ የሙክታርን ገጽ ሰርቆ ይሆናል" አልኳቸው። ቁጥሯን ከሰጡ በእሳቸው ስም ለሰው ሁሉ ይጽፋል፤ "እትዬ ዘሃራ ብለዋል" ብሎ የማይታዘዝ ደግሞ የለም። ስማቸው በአንድ ከሰዓት ተዘርፎ ማደሩ ነው።

እትዬ ዘሃራ ስክሪኑን አዩ። የሙክታር ፎቶ አለ፤ ቡናው መሀል ቆሞ ይስቃል።

"ልጄ ቢሆንስ?" አሉኝ።

"አዳዳ አላለም እኮ!" አልኳቸው። አዳዳ ማለት በኦሮምኛ የአባት እህት ናት፤ ሙክታር እሳቸውን በሌላ ስም ጠርቶ አያውቅም።

"ሰው ሲጽፍ ይለወጣል። አንተ ራስህ ስትጽፍ ዳኛ ትመስላለህ። ቸግሮት ቢሆንስ? ገና በቅጡ ሳንታረቅ፣ አፍ አውጥቶ የጠየቀኝን ነገር ከለከልኩት ማለት ነው። ሁለተኛ ፊቴንም አያይም።" ከዚያ ወደ ግድግዳዬ ዞሩ። "ማስታወቂያህ አትስጡ ይላል፤ ጥሩ ነው። ሳላስቀይም እንዴት እንደምከለክል ግን አልጻፍክበትም።"

እውነታቸውን ነው። አልጻፍኩም። ከየትኛው መጽሐፍ አግኝቼ ልጻፍ?

"ለሙክታር እንደውልለት" አልኩ። ደወልን። ስልኩ አያነሳም። የኅዳር ቡና ጊዜ ማን ስልክ ያነሳል? ሌባው ደግሞ "ዘሃራ ቶሎ" አለ። እትዬ ዘሃራ ሻሻቸውን አስተካከሉና፣ "እስቲ ሰላም እንበለው። በል ጻፍ" አሉኝ።

ጻፍኩ። "አሰላሙ አለይኩም ሙክታር ልጄ። አከም ጅርታ? ፈያዳ? ሰውነትህ እንዴት ነው? ያ ጉልበትህን ያመመህ ተሻለህ?"

"ደህና ነኝ ኮዱን ላኪ።"

"አልሐምዱሊላህ። ሚስትህስ እንዴት ናት? አባቷስ? እናቷስ? ከመንገድ ማዶ ያሉት ሰዎችስ?"

"ሁሉም ደህና ናቸው። ኮዱ።"

"አልሐምዱሊላህ። ያ ትልቁ ሽማግሌ፣ ጎረቤትህ፣ ዓይናቸው እንዴት ሆነ?"

"ደህና ነው ደህና ነው።"

እትዬ ዘሃራ ወደ እኔ ዞሩ። "መምህር፣ እኔን አልጠየቀኝም" አሉ። እውነት ነው፤ ይሄን ሁሉ ሲጠየቅ አንዴም "አንቺስ?" አላለም። "ሙክታር ቤቱ እየተቃጠለ ቢሆን እንኳ 'አዳዳ አንቺስ? ወገብሽስ?' ሳይል አያልፍም። ምናልባት ግን ተጨንቆ ይሆናል፤ ልጄን በዚህ አልፈርድበትም። ስለ ዝናቡ ጠይቅልኝ።"

"ዝናቡስ እንዴት ነው?" ብዬ ጻፍኩ።

መልሱ ፈጥኖ መጣ። "በጣም ጥሩ ዝናብ እየዘነበ ነው።"

እትዬ ዘሃራ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። እኔም ብድግ አልኩ። እናንተ ከሌላ አገር ከሆናችሁ ላስረዳችሁ፤ በኅዳር ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ነው ያለው። ዝናብ ከነካው ይሻግታል፣ የዓመቱ ልፋት ገደል ይገባል። የቡና ሰው በኅዳር ዝናብ ካየ በሸራ ሊሸፍን እየሮጠ ይጮኻል እንጂ፣ ጥሩ ዝናብ ብሎ ነገር ከአፉ አይወጣም። በሰኔ ቢጠየቅ ኖሮ ሌባው ያመልጥ ነበር።

"ይሄ የእኔ ልጅ አይደለም" አሉ እትዬ ዘሃራ። ድምፃቸው ውስጥ እፎይታ ነበረ። ልጃቸውን ሳያስቀይሙ ከለከሉ! ማንንም አልተጠራጠሩ፣ ማንንም አልሰደቡ፣ ሰላም ብቻ ነው ያሉት። ያን ቀን ነው ሰላምታችን ምን እንደሆነ የገባኝ። እኔ ጊዜ ማባከኛ ሲመስለኝ የኖረው ነገር ለካ በር ላይ የቆመ ዘበኛ ኖሯል። እንግዳውን እያሳቀ፣ እያጫወተ፣ ማን መሆኑን ይለያል። ልቤ በኩራት ተሞላ።

ይህን እያሰብኩ ሳለ ሙክታር፣ እውነተኛው ሙክታር፣ ደወለ። እትዬ ዘሃራ ድምፁ እንዲሰማኝ ስልኳን ወደ እኔ አስጠጉ። ገጹ መሰረቁን ለመናገር እየቸኮልኩ ነው። "አዳዳ! አከም ጅርታ? ወገብሽስ? ሱቁስ? መምህርስ ደህና ናቸው? የመምህር ልጆችስ?" ይላል። እሳቸውም መለሱ። እሳቸውም ጠየቁ። ጎረቤቱ ሽማግሌ ጋ ደርሰው ዓይናቸው እስኪነገር ድረስ እኔ ቆሜ እወራጫለሁ። "እትዬ፣ ሌባው!" ስላቸው፣ በእጃቸው ቆይ ይሉኛል። በመጨረሻ ነገሩ ሲነገረው ሙክታር ጮኸ። ለካ ጠዋት "በዚህ ቪዲዮ ላይ ያለኸው አንተ ነህ?" የሚል ነገር ደርሶት፣ ማየት ፈልጎ ተጭኖት፣ ያችኑ ሰማያዊ ገጽ የምትመስል ሐሰተኛ ገጽ ፓስዎርድ ጠይቃው፣ ሰጥቷታል። ሰው ራሱን ለማየት መቸኮሉ!

ወደ ስክሪኑ ስንመለስ ሌባው ተናድዷል። "ሴትዮ፣ ኮዱን ትልኪያለሽ አትልኪም?"

"ልዝጋበት?" አልኳቸው።

"ተው፣ ነውር ነው። ጻፍለት፦ ልጄ፣ ማን እንደሆንክ አላውቅም። ሙክታር አለመሆንህን ግን አውቄአለሁ። ምሳ በልተሃል ወይ?"

እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም፤ ግን ጻፍኩ። ሌባው ሊጽፍ ይጀምራል፣ ይተዋል። እንደገና ይጀምራል፣ ይተዋል። በመጨረሻ አንዲት ቃል ላከ። "አልበላሁም።" ከዚያ ጠፋ።

እትዬ ዘሃራ እስኪመሽ ድረስ ሲያዝኑለት ቆዩ። እኔ ደግሞ የገቡላቸውን ሌሎች መልእክቶች ማየት ያዝኩ። ድንጋጤዬ የመጣው ያኔ ነው። ሌባው በሙክታር ስም ለዘመድ ወዳጁ ሁሉ ጽፎ ኖሯል። የሸቤው ነጋዴ፣ የሊሙዋ ልብስ ሰፊ፣ ሌሎችም፣ ሰላምታውን አስረዝመው ካደከሙት በኋላ ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ሰጥተውታል፦ "ቆይ፣ መጀመሪያ እትዬ ዘሃራን ልጠይቅ።" እሳቸው ዘንድም እየጻፉ ነበር፤ "ኮዱን ልስጠው ወይ?" እያሉ። አስቡት እስቲ! የእሳቸው ገጽ በሌባው እጅ ገብቶ ቢሆን፣ ለዚህ ሁሉ ሰው "ስጡት" የሚለው እሱ ነበር። ለሁሉም "አትስጡ" ብዬ መለስኩ። በእርግጥ ከሰላምታ በኋላ።

ሙክታር በማግስቱ መጥቶ በእኔ ኮምፒውተር ገጹን አስመለሰ። አዲስ ፓስዎርድ ምረጥ ሲባል፣ "ምን ላድርገው?" ብሎ ጮክ ብሎ ጠየቀ። ሱቅ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሐሳብ ሰጠ። የተሻለውን በድምፅ ብልጫ መረጡለት። እኔ ግድግዳዬ ላይ የለጠፍኩትን ማስታወቂያ አየሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ በእትዬ ዘሃራ ገጽ ላይ ሌላ መልእክት መጣ። ከማናውቀው ሰው ነው። "አሰላሙ አለይኩም እትዬ። እንዴት ከረሙ? ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብ ደህና ነው? ጎረቤትስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እርስዎስ?" ይልና መጨረሻው ላይ፣ በትሕትና፣ "ድንገት ስልክዎ ላይ አንዲት ኮድ መጥታ ከሆነ..." ይላል።

ራሴን ያዝኩ። "አዩ እትዬ? ሌቦቹን አስተማሯቸው! ጨዋ አደረጓቸው! ከእንግዲህ በምን እንለያቸዋለን?"

እትዬ ዘሃራ መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡት። ፊታቸው በራ። "ማሻአላህ" አሉ። "ምን የመሰለ ሰላምታ ነው! በል መልስለት።"

"ምኑን? ኮዱን?"

"ማን ኮድ አለህ? ሰላምታውን ነው እንጂ። ሰላም ላለ ሰው መመለስ ግዴታ ነው።"

"ኮዱን መልሶ ሲጠይቅስ?"

ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ተደላድለው ተቀመጡ። "ገና ስለ እናቱ እንጠይቀዋለን። ከዚያ ስለ አባቱ። ከዚያ ስለ አጎቶቹ፣ እንደየዕድሜያቸው። እሱ ነው እንጂ ሥራ ያለው፣ እኛን ምን አስቸኮለን?"